ካልዒትና ሴኮንድ፤ የጊዜ መለኪያዎችን የመለዋወጥ ትምህርት ሲመረመር

የጊዜ መለኪያዎችን ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ በሒሳብና በሳይንስ ትምህርት ውስጥ እንደ ቀላል ርእስ የሚታይ ነው። መምህሩ ሠንጠረዡን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው 60 ሴኮንድ 1 ደቂቃ፣ 60 ደቂቃ 1 ሰዓት፣ 24 ሰዓት 1 ዕለት እያለ በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያም የማባዛትና የማካፈል መልመጃ ይከተላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አቀራረብ የሚያጎድለውን ማሳየትና ሊታረም የሚችልበትን መንገድ መጠቆም ነው። ጉድለቱ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ተማሪው በስንት ማባዛት እንዳለበት ይማራል እንጂ መለኪያው የምን ክፋይ እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ይህ ጎልቶ የታየኝ በአንድ የማስተማር ልምምድ ላይ ነው። አንድ እጩ መምህር የባሕረ ሐሳብን መለኪያዎች በምሳሌነት አንሥቶ «ካልዒት ማለት ሴኮንድ ማለት ነው» ሲል አስተማረ፤ ተማሪዎቹም ጻፉ። ቃሉን በቃል ለተረጎመ ሰው አባባሉ ስሕተት አይመስልም። ካልዒት በግዕዝ «ሁለተኛ» ማለት ነው፤ ሴኮንድ የሚለውም ስም የመጣው «ሁለተኛ ክፋይ» ከሚል የላቲን አጠራር ነው። ሁለቱም የተገኙት አንድን ሙሉ ነገር በ60፣ የተገኘውንም እንደገና በ60 በመክፈል ነው። ልዩነቱ ያለው በሚከፈለው ሙሉ ነገር ላይ ነው። ሴኮንድ የሚነሣው ከሰዓት ሲሆን ካልዒት የሚነሣው ከዕለት ነው። ዕለት 24 ሰዓት ስለ ሆነ 1 ካልዒት 24 ሴኮንድ ይሆናል።

መላው የባሕረ ሐሳብ አከፋፈል በዚሁ መንገድ ይሄዳል። 1 ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ 1 ኬክሮስም 24 ደቂቃ ይሆናል። ከኬክሮስ በታች ካልዒት፣ ሣልሲት፣ ራብዒት፣ ኀምሲትና ሳድሲት እያንዳንዳቸው የበላያቸው 60ኛ እጅ ናቸው። ስለዚህ 1 ሣልሲት 0.4 ሴኮንድ ወይም 400 ሚሊሴኮንድ ሲሆን፣ 1 ሳድሲት የ1 ሴኮንድ 540,000ኛ እጅ ነው። የዘመኑ ሳይንስ ከሴኮንድ በታች በ10 እየከፈለ ሲወርድ ባሕረ ሐሳብ እስከ መጨረሻው በ60 ይወርዳል።

የእጩ መምህሩ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያርቅ ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። የባሕረ ሐሳብ መምህራን የፀሐይን ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት አድርገው ይቆጥራሉ። 15ቱ ኬክሮስ 6 ሰዓት ስለ ሆነ በ4 ዓመት አንድ ዕለት ሆኖ ጳጉሜን 6 ያደርጋታል። 6ቱ ካልዒት ደግሞ 2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ስለ ሆነ በ600 ዓመት አንድ ዕለት ይሞላል፤ በትምህርቱም ጳጉሜን በ600 ዓመት አንድ ጊዜ 7 ትሆናለች የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ካልዒትን ሴኮንድ ያልን እንደ ሆነ ግን ያው ዕለት የሚሞላው በ14,400 ዓመት ይሆናል። ማባዛቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ነው።

በትክክል መለወጥ የራሳችንን ቅርስ ያለ አድልዎ ለመመዘንም ያስችላል። ያ ዓመት ወደ ሰዓት ሲለወጥ 365 ዕለት ከ6 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ነው። ወቅቶች የሚመላለሱበት ዓመት በዛሬው ልኬት 365 ዕለት ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ስለዚህ የባሕረ ሐሳቡ በ13 ደቂቃ ከ39 ሴኮንድ ይረዝማል። በከዋክብት አንጻር የሚለካው ዓመት ግን 365 ዕለት ከ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ገደማ ስለ ሆነ ከእርሱ ያጥራል። ሁለቱም «ዓመት» ይባላሉና የትኛው እንደ ሆነ ሳይገለጽ «ዓመትን ወደ ሴኮንድ ለውጥ» የሚል ጥያቄ ጥንቃቄ በሚሻ የሳይንስ ስሌት ላይ ጎዶሎ ጥያቄ ነው።

ሴኮንድም ቢሆን ባለበት የቆየ አይደለም። የምድር መሽከርከር ፍጹም እኩል ባለመሆኑ፣ በ1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1967) በተደረገው ዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ጉባኤ ሴኮንድ የሴሲየም 133 አቶም በሚያሳየው ጨረር 9,192,631,770 ንዝረት እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ዕለት 86,400 ሴኮንድ ነው የምንለው በስምምነት እንጂ የምድር ዙሪት ሁልጊዜ ያንኑ ስለሚሰጥ አይደለም።

ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለ ሆነ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ልጆች በሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስፍራ የለውም የሚል መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር በእርግጥ የዚያ ጉባኤ ቤት ነው። በ60 የመክፈል ሒሳብ ግን የማንም እምነት አይደለም፤ ሰዓትና ደቂቃም የሚቆጠሩት በእርሱ ነው።

በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ጥያቄዎችን የሚመለከት ነው። ማንኛውም የመለወጥ መልመጃ ከመሠራቱ በፊት ተማሪው፣ መለኪያው ከምን ተነሣ? በምን ተከፈለ? ስንት ጊዜ ተከፈለ? ብሎ ይመልስ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ከሠንጠረዡ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ያስቀምጡ፤ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንም ርእሱን በጋራ ይመልከቱት። ይህ አዲስ መጽሐፍም ሆነ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ካልተደረገ ግን ሠንጠረዡን በቃሉ የያዘው ተማሪ ነገ መምህር ሲሆን ካልዒትን ሴኮንድ ብሎ ማስተማሩን ይቀጥላል።