ስለ «ቅድመ ትብብር» እና ስለ «ስስ አመራረት» ስያሜዎች

የአቅርቦት ሰንሰለትን ንድፍ የሚመለከቱ የውልና የሥልጠና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ያስቸግሩታል። አንደኛው ዕቃ አቅራቢው ንድፉ ሳያልቅ የሚሳተፍበት አሠራር ነው፤ ሁለተኛው «ሊን» እየተባለ የሚጠራው ነው። («ሰንሰለት» ራሱ የሚያከራክር ቢሆንም ጸንቷልና እንለፈው።)

ለአንደኛው «የአቅራቢ ቅድመ ትብብር» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ቅድመ ታሪክ» ከታሪክ በፊት ያለውን ዘመን፣ «ቅድመ ወሊድ» ከወሊድ በፊት ያለውን ጊዜ እንደሚያመለክት ሁሉ፣ «ቅድመ ትብብር»ም ትብብር ከመጀመሩ በፊት ያለውን ወቅት ያመለክታል፤ የተፈለገው ግን ተቃራኒው ነው። «ቅድመ ክፍያስ?» የሚል ይኖራል። እርሱ በገበያ ልማድ የጸና ነው፤ አዲስ ስያሜ ይህ መከታ የለውም። «አቅራቢ»ም «ቀረበ» ከሚለው ግሥ የወጣ እንደ መሆኑ፣ ያለቀለትን ዕቃ አምጥቶ የሚያስረክብን እንጂ የሚመክርን ሰው አያሳይም።

ጉዳዩ የቃል ብቻ አለመሆኑ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ የሽመና ሥራ ይታያል። በልማዱ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ቢሆንም፣ በእጅ ሲፈተል ውጥረቱን እንዲችል ጠንክሮ መክረር አለበት፤ ማጉ ግን ላላ ይላል። እንግዲህ ፈታይዋ እንዝርቷን ሳታነሣ ፈትሉ ለድር ይሁን ለማግ፣ ለጋቢ ይሁን ለነጠላ ማወቅ ይገባታል። ልቃቂቱ ከተረከበ በኋላ መምከር ዋጋ የለውም፤ ድሩ እየተበጠሰ ሥራው ይጓተታል። በዚህ ዐይነት ውል ውስጥ ፈታይዋን «አቅራቢ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ተርጓሚ፣ ንድፉን ለብቻው የወሰነው ወገን ጥፋት በእርሷ ላይ እንዲወድቅ በር ይከፍታል። «ከአቅራቢ ጋር የንድፍ ምክክር» ቢባል ይረዝማል፤ ሆኖም ማን ከማን ጋር፣ በምን ጊዜ እንደሚመክር ይናገራል።

«ሊን» የሚለውን ቃል ጆን ክራፍሲክ እ.ኤ.አ. በ1988 የቶዮታን አመራረት ለመሰየም ሲጠቀምበት፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ ስብ የሌለውን ሥጋም የሚገልጽ ነበር። ጮማ ለክብር እንግዳ በሚቀርብበት አገር ይህ ምስል ምስጋና አይሆንም። «ስስ» ብንለው ለመቀደድ የደረሰ ልብስ ይመስላል። «ቀጭን» ይሻል ነበር፣ «ቀጭን ፈታይ» ሙገሳ ነውና፤ ግን ሙገሳው ለፈትል እንጂ ለፋብሪካ አልተሰጠም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በሥልጠናው የተለመደው «ብክነት» ግን ዝግጁ ሆኖ ይገኛል፤ «ብክነት ቀናሽ አመራረት» ቢባል ሠራተኛው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። «ብክነት አልባ» ማለት ግን ገና የሚደከምለትን እንደ ተፈጸመ መቍጠር ነው።