«ጃዲ»፦ የሙታን ማእድና የፖላንድ ሕዝብ ማንነት

ነባር ትያትር የአንድን ሕዝብ ማንነት ይቀርጻል ሲባል፣ ሕዝቡን ስለሚያወድስ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። የፖላንዱ ባለቅኔ የአዳም ሚትስኪዬቪች «ጃዲ» ግን ይህን አሳብ እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል።

ጃዲ በመሠረቱ የቤላሩስ ባላገር የአያቶች መታሰቢያ በዓል ነው። በእኛ ተዝካር ስለ ሙታን የሚበሉት ካህናትና ድኾች ሲሆኑ፣ በጃዲ ወደ ማእዱ የሚጠሩት ሙታኑ ራሳቸው ናቸው። በ1798 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር የተወለደው ደራሲ ይህን ሥርዓት መሠረት አድርጎ ሁለተኛውንና አራተኛውን ክፍል በ1823 በቪልኒዩስ አሳተመ። በዚያው ዓመት የሩስያ መንግሥት አሰረው፤ በ1824ም ወደ ሩስያ አጋዘው። ስለ እስረኞቹ ወጣቶች የሚናገረው ሦስተኛው ክፍል የታተመው ደራሲው በስደት ሳለ በ1832 ነው።

ፖላንድ በ1795 በሩስያ፣ በፕሩስያና በኦስትሪያ ከተከፋፈለች በኋላ እስከ 1918 ድረስ ነጻ መንግሥት አልነበራትም። ስለዚህ ሕዝቡ በመንግሥት ፈንታ ቋንቋውንና እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ይዞ ቆየ። በ1901 ቪስፒያንስኪ ድርሰቱን በክራኮው መድረክ ላይ አሳየው። በኖቬምበር 1967 ደግሞ ዴይሜክ በዋርሶ ብሔራዊ ትያትር ሲያሳየው፣ ተመልካቹ በዛር ላይ የተነገረውን ቃል በሶቪየት ኅብረት ላይ እንደ ተነገረ ቈጥሮ በጭብጨባ ተቀበለው። መንግሥትም ትያትሩን አገደ። በጃንዩወሪ 30 ቀን 1968 የመጨረሻው ትርኢት ሲፈጸም ተማሪዎች ወደ ባለቅኔው ሐውልት በሰልፍ ሄዱ፤ የማርቹ የተማሪዎች ዐመፅም ከዚህ ተነሣ።

ዳሩ ግን ሕዝቡ ያጨበጨበው ለድርሰቱ እኩሌታ ነው። በሦስተኛው ክፍል ትሑቱ ካህን ጴጥሮስ ፖላንድን እንደ ተሰቀለ ክርስቶስ አድርጎ በራእይ ያያታል። ይህ ምሳሌ ለተጨቈነ ሕዝብ መጽናኛ ቢሆንም፣ ራሱን ከበደል ሁሉ ንጹሕ አድርጎ እንዲያይ ያደፋፍረዋል። ደራሲው ግን መድኃኒቱንም አብሮ አኑሮታል። ጀግናው ኮንራድ በነፍሳት ላይ ሥልጣን ይሰጠኝ ብሎ ከፈጣሪ ጋር ሲሟገት፣ ፈጣሪን ዛር ብሎ ሊሰድብ ሲቃጣ ይወድቃል፤ ያችን ቃል የሚፈጽማት ዲያብሎስ ነው። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የጨካኝ ባለርስት ነፍስ ተርቦ ወደ ማእዱ ይመጣል፤ ነገር ግን በሕይወቱ ያስራባቸውና ያስገረፋቸው ገባሮቹ ወፎች ሆነው እህሉን ይነጥቁታል።

እንግዲህ ጃዲን የፖላንድ ብሔራዊ ትያትር ያሰኘው የዛር ክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከዛር ጋር አብሮ ባረጀ ነበር። ትያትሩ የሕዝቡን ጠላት በከሰሰበት አንደበት የሕዝቡን ባለርስትና የሕዝቡን ጀግናም ይከሳል። ሥርዓቱን ያበደረው ባላገርም በዚያ ማእድ ላይ የራሱ አቤቱታ አለው። የሌላውን አገር ነባር ትያትር የምንመረምር ሁሉ፣ ተመልካቹ ከሚያጨበጭብለት ቃል ይልቅ ዝም ብሎ የሚያልፈውን ቃል ብንፈልግ፣ የዚያን ሕዝብ ማንነት አብልጠን እናውቃለን።