አንጋፋ ፕሮፌሰር ሲፈለግ

በትምህርት ኮሌጅ አንድ ከፍተኛ መደብ ሲከፈት የሚወጣው ማስታወቂያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የትምህርት ደረጃ ፒኤችዲ፣ የሙያ መስክ ሥርዓተ ትምህርት ወይም ተዛማጅ፣ ማዕረግ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ከዚያ በላይ፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት፣ ብዛት አንድ። የሚቀረው የማመልከቻው ቀንና የቢሮ ቁጥር ነው። በቅጥር ኮሚቴ በአባልነትም በሰብሳቢነትም የተቀመጥኩ መምህር ነኝና ይህን ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አለ፤ ይህ ሰው ቢመጣ ምን ሊሠራልን ነው? ማስታወቂያው ስለዚህ ምንም አይልም። ሰነድ ያሟላ ሁሉ ያመለክታል፤ ኮሚቴውም ሰነድ ሲቆጥር ይውላል።

ለሌክቸረር ወይም ለረዳት ፕሮፌሰር ቅጥር ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ወጣቱ ምሁር ከትምህርት ክፍሉ ጋር አብሮ ያድጋል፤ የጎደለውን እየሞላ፣ ያልገባውን እየጠየቀ ይሄዳል። አንጋፋ ፕሮፌሰር ግን የራሱን መንገድ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚያማክራቸው የዶክትሬት ተማሪዎች እሱ የጠየቀውን ይጠይቃሉ፤ ወጣቶቹ መምህራን እሱ የናቀውን ይንቃሉ፤ ሴኔት ላይ የሚናገረውም የኮሌጁ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ያስመረቃቸው ሰዎች በየዩኒቨርሲቲው ተበትነው እንደሱ ያስተምራሉ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በተልእኮ ሲለዩ የምርምር ዩኒቨርሲቲ የተባሉት 8 ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐሮማያ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቐለና አርባ ምንጭ። ስያሜው ዕዳ አለበት፤ የትምህርት ኮሌጆቻቸው ደግሞ የዕዳው ትልቁ ድርሻ አለባቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። እኛ የሙያው ሰዎች ግን መደንገጥ የነበረብን ቀደም ብለን ነው። በ2002 ዓ.ም. በታችኛው ክፍል ንባብ ላይ በተካሄደው ምዘና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለ2014ቱ የማጠናቀቂያ ፈተና የተቀመጠ ልጅ ክፍል ሳይደግም የመጣ ከሆነ 2ኛ ክፍል የነበረው በ2004፣ ከዚያ ምዘና ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል በክፍል ውስጥ ምን እንደሆነ ተከታትሎ የሚያስረዳን ሰው ማነው? ኮሌጃችን ውስጥ አለ? ከሌለ፣ የሚፈለገው ሰው እሱ ነው።

ስለዚህ ለእኔ ከቅጥሩ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ነው። የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች በሙሉ ይሰበሰቡና እያንዳንዱ የዶክትሬት ጥናቱን ርእስና አሁን የሚሠራበትን ጉዳይ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ትምህርት አመራር፣ ሱፐርቪዥን፣ የመምህራን ተነሣሽነት፣ እንደገና ትምህርት አመራር እያለ ሰሌዳው ይሞላል። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «አንደኛ ክፍል ላይ ልጅ ንባብ እንዴት እንደሚለምድ የሚያጠና ማን አለን?» ይላል። ዝም። «ፈተና የሚያወጡትን ሰዎች የሚያሠለጥንስ?» ዝም። ይህ ዝምታ የተሰማበት ክፍል የሚያወጣው ማስታወቂያ ሌላ ነው። «ወይም ተዛማጅ» የሚለው ይወጣና የሥራው ጥያቄ በግልጽ ይጻፋል። አመልካቹ ቁጥሩ ያንሳል፤ ያመለከተው ግን ለምን እንዳመለከተ ያውቃል።

ከዚያ ፋይሉ ይመጣል። ፕሮፌሰርነት በሴኔት ተመርምሮ በቦርድ የሚጸድቅ ማዕረግ ነው፤ ለዚያ ከሚያበቁት መለኪያዎች አንዱ የታተመ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ የሚቆጠርበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጽሑፍ የሚሸጥበት ገበያ ይፈጠራል። ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንታት ውስጥ የሚያትም ጆርናል መኖሩን የማያውቅ መምህር የለም። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል የአጠራጣሪ አሳታሚዎችን ስም ዝርዝር ይዞ ብዙዎችን ሲያግዝ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አነሣው። ዝርዝር ኖረም አልኖረም፣ ኮሚቴን ከማንበብ የሚያድነው ነገር የለም። እኔ አመልካቹ ራሱ የመረጣቸውን ሦስት ጽሑፎች እንዲልክ አደርጋለሁ፤ የኮሚቴው አባላት ሁሉ ሦስቱንም ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። ሰው ከሥራው ሁሉ የትኛውን እንደሚወድ ማወቅ ብዙ ይናገራል። አንዳንዱ ስመ ጥር ጆርናል ላይ የወጣውን ትቶ፣ በአገር ውስጥ ጆርናል ያሳተመውን፣ በአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ላይ ዓመታት የደከመበትን ይልካል። እንዲህ ያለውን ሰው ፋይል ለብቻው አስቀምጠዋለሁ።

ከሁሉ አብልጬ የማምነው ግን እጩው ያማከራቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ነው። ከቤተ መጻሕፍት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ እደረድራቸዋለሁ። በእኛ መስክ የተመረቀ ሁሉ ርእሱን በቃሉ ያውቀዋል፤ የዚህ ወይም የዚያ «አተገባበርና ተግዳሮቶች»፣ በእገሌ ክፍለ ከተማ «በተመረጡ ትምህርት ቤቶች»። በቀጥታ ምዕራፍ ሦስትን እገልጣለሁ። ገላጭ የዳሰሳ ጥናት፤ ለመምህራን መጠይቅ፣ ለርእሰ መምህራን ቃለ መጠይቅ፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን። ቀጣዩን እገልጣለሁ፤ የትምህርት ቤቶቹ ስም ተቀይሯል እንጂ ያው ነው። ምዕራፍ አምስት ላይም ያው ምክረ ሐሳብ ይጠብቀኛል፤ ለመምህራን ሥልጠና ይሰጥ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ክትትሉን ያጠናክር። ይህ በአንድ አማካሪ ስም ስድስት ሰባት ጊዜ ከተደጋገመ አማካሪው ፈርሟል እንጂ አላማከረም።

አንዳንድ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ይገኛል። አንዷ ተማሪ አራተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ላይ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተቀምጣ፣ መምህሩ ማንን እንደሚጠይቅ፣ ከኋላ ወንበር ስንት ልጅ ድምፁ ሳይሰማ እንደሚውል መዝግባለች። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ተማሪ ያንን ግኝት አንሥቶ፣ ዝም ያሉትን ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄዶ አነጋግሯል። ሦስተኛው ደግሞ መምህሩ አጠያየቁን ቢቀይር ምን እንደሚሆን ሞክሯል። ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚሻገር ጥያቄ ሳገኝ ከኋላቸው ማን እንዳለ አውቃለሁ። ይህ በሲቪ ላይ አይታይም፤ በማስረጃ ቁጥርም አይገባም።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ ሁሉም ያመሰግናል። የተመራቂዎቹን ስልክ ግን ፈልጌ እደውላለሁ። የታላቅን ስም በክፉ ማንሣት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና «ፕሮፍ እንዴት ናቸው?» ብሎ ለጠየቀ «በጣም ጥሩ ሰው ናቸው» ከማለት ሌላ መልስ አይገኝም። ስለዚህ አስተያየት ሳይሆን የሆነውን እጠይቃለሁ፤ ረቂቅህን ስትሰጣቸው በስንት ጊዜ መለሱልህ? ምን ጽፈውበት ነበር? አንዱ እንዲህ አለኝ፤ «ምዕራፍ ሁለትን በሙሉ ሰርዘው ከዳር ላይ ‹መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ሄደህ ተቀመጥ› ብለው ጻፉልኝ። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። አሁን እኔም ለተማሪዎቼ የምጽፈው እሱኑ ነው።» ያን ቀን ስልኩን ስዘጋ ኮሚቴው ፊት የምናገረውን አግኝቼ ነበር።

ቀደም ያለው ትውልድ አንድ የሚያስቀና ነገር ነበረው። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ሳይመረቁ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ነው የሚሄዱት። በኋላ የትምህርት ምሁር የሆኑት የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ ክፍል ሲናገሩ ጠመኔ የያዙበት እጅ ነው የሚናገረው። ዛሬ ከማስተርስ ወደ ፒኤችዲ፣ ከፒኤችዲ ወደ ማስተማር በቀጥታ የመጣ እጩ ብዙ ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሆኖም በቃለ መጠይቁ ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የዋሉት መቼ ነው?» ብዬ መጠየቄን አልተውም።

ሌላው የማልተወው ጥያቄ ስለ ትናንት ነው። አንጋፋ ማለት በብዙ ማሻሻያ ውስጥ ያለፈ ማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲተከል፣ ትምህርቱ በቴሌቪዥን ሲሮጥ ለመምህሩ ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀረው ነበር። በዚያው ሰሞን የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ከሥሩ ተገለበጠ፤ ከዚያም በኋላ እንደገና ተቀየረ። «ያኔ ምን ብለው ነበር? የጻፉት አለ? ዛሬስ ምን ይላሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያኔ ደግፎ ዛሬ የተሳሳተበትን ቦታ በማስረጃ የሚያሳይ ሰው አለ፤ ያኔ ተቃውሞ ዛሬም ምክንያቱን የሚያስረዳ አለ። ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ። የሚያሰጋኝ በየዘመኑ መመሪያው ያለውን ሲያሠለጥን ኖሮ አንድም ቀን አልጠየቀም የሚያሰኘው ነው።

የማሳያ ትምህርቱ ለኮሚቴው ሳይሆን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንዲሆን አጥብቄ እከራከራለሁ። ስለ ማስተማር የሚያስተምር ሰው ሲያስተምር መታየት አለበት። አንዳንድ ባልደረቦች «ፕሮፌሰርን ክፍል አስገብቶ መፈተን ድፍረት ነው» ይላሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። መፍትሔው አስቀድሞ በአክብሮት መንገር ነው፤ «ፕሮፍ፣ ልጆቻችን አንድ ሰዓት እርስዎን ቢያገኙ ብለን ነው፤ ርእሱን እርስዎ ይምረጡ።» በዚህ መልክ ተጠይቆ እምቢ ያለ አላየሁም። ስላይድ እያነበበ ሰዓቱን የሚጨርስም አለ፤ ሰማንያ ተማሪ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ አንዷን ልጅ ስሟን ጠይቆ፣ የተሳሳተ መልሷን ይዞ ትምህርቱን በዚያ ላይ የሚገነባም አለ። ልዩነቱን ለማየት ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ስለ ሴት እጩዎች አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በትምህርት መስክ መምህርት ብዙ፣ ሴት ፕሮፌሰር ግን ጥቂት ናት። ኮሚቴ ፋይል ሲያይ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ምንም አላሳተመችም» የሚል ድምፅ ይሰማል። እነዚያ ዓመታት ልጅ ያሳደገችባቸው፣ ወይም የትምህርት ክፍሉ የጽሕፈት ሥራ ሁሉ እሷ ላይ የተጫነባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከክፍተቱ በኋላ የጻፈችው ከክፍተቱ በፊት ከጻፈችው የጠለቀ ከሆነ ዳኝነቱ በዚያ ይሁን እላለሁ፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ አስይዛለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። እኛ የምናገኘው አንጋፋ ፕሮፌሰር አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ብቸኛ ፕሮፌሰር ነው። እሱን ስናመጣ እዚያ የጀመራቸው የዶክትሬት ተማሪዎች ያለ አማካሪ ይቀራሉ። ከአገር አንጻር ካየነው ከአንዱ ጎጆ ምሰሶ ነቅሎ ሌላውን ማቆም ነው። ስለዚህ ከሰውየው ጋር ስንስማማ ከቀድሞው ተቋሙ ጋርም እንነጋገር እላለሁ፤ ተማሪዎቹን እስኪያስመርቅ በጋራ ያማክር፣ የጉዞ ወጪውን እኛ እንሸፍን። ከዲያስፖራ ስንፈልግም ቸኩሎ «ጠቅልለህ ና» ማለት አያዋጣም። በአሜሪካ ቋሚ መደብ ያለው ፕሮፌሰር በአብዛኛው ውሉ የዘጠኝ ወር ነው፤ ክረምቱ የራሱ ነው፤ በየሰባት ዓመቱም ሳባቲካል ይወጣል። አንድ ክረምት መጥቶ ሁለት የዶክትሬት ተማሪ በስም ተረክቦ የሚሄድ ሰው፣ መጥቶ ንግግር አድርጎ ከሚመለስ ይሻለናል፤ በሁለተኛውም ክረምት ይመጣል።

ሰውየው ተመረጠ እንበል። በደመወዝ ልንስበው አንችልም፤ ስኬሉ ያው ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የገባበት፣ ይህን ማሰሪያ እያላላ ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚያው ግን ልንሰጠው የምንችለው ዋና ነገር ጊዜ ነው፤ እሱንም ራሳችን ነን የምንቀማው። ፕሮፌሰር መጣ ሲባል የጥራት ኮሚቴው፣ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳው፣ የዲሲፕሊን ጉዳዩ፣ ሁሉም ወደሱ ይሮጣል። በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው አንድ የአንደኛ ዓመት ኮርስ፣ አንድ የዶክትሬት ሴሚናር፣ በአቅራቢያ ካለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር የሚሠራበት ቋሚ ቀንና መኪና፣ ቢሮውን የሚጋሩት ሁለት ወጣት መምህራን ይሁን። የኮሚቴ ሰብሳቢነትና ውክልና እስከ ሁለተኛው ዓመት እንዳይሰጠው በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ፣ ዲኑም እንዲፈርምበት እጠይቃለሁ።