እንጀራ የሚቆርስ እጅ

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ባልደረባዬ «ባለ ዘጠኝ ቀዳዳው ሰሌዳ እያለልን ታካሚውን እንጀራ ማስቆረስ ለምን አስፈለገ?» አለችኝ። ልደታ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ስሠራ ይህ ክርክር ተለይቶኝ አያውቅም።

ሰሌዳው የእጅ ቅልጥፍና መለኪያ ነው፤ ጥቅሙም አይካድም። ዘጠኙ እንጨቶች ተሰክተው እስኪነቀሉ ሴኮንድ ይቆጠራል፤ የአምናው ከዘንድሮው ይነጻጸራል። ጄብሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት ፈተና ደግሞ ሰባት የዕለት ሥራዎችን ይዟል። ነገር ግን የመብላቱ ክፍል ቦሎቄ በማንኪያ ማንሳት ነው። ይህ የእኛ ማዕድ አይደለም።

አንድ ሰው ሲቆርስ ልብ ብላችሁ እዩት። የመሀል ጣቱ እንጀራውን ከትሪው ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቀድዱታል። ቁራሹ ወጡን አቅፎ ይጠቀለላል፣ ሳይንጠባጠብ አፍ ይደርሳል። ሁሉም በቀኝ እጅ ብቻ፤ ግራው ማዕድ ላይ አይዘረጋም።

እንጨት ደረቅ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ቢጨብጡት አይጎዳም። እርጥብ እንጀራ ግን ጠበቅ ሲያደርጉት ይበጣጠሳል፣ ላላ ሲያደርጉት ያፈሳል። ጉልበትን መመጠን ማለት ይህ ነው፤ ከስትሮክ በኋላ ቶሎ የማይመለሰውም እሱ ነው። ሰሌዳውን በጥሩ ሰዓት የጨረሰ አንድ ታካሚ ቤቱ ለብቻው በማንኪያ ይበላ ነበር። ሽሮው ከጣቱ ስለሚፈስ ከቤተሰቡ ትሪ ሸሽቷል። የትኛውም ቁጥር ይህን አልነገረኝም።

«አይነጻጸርም» ይሉኛል። ለምን አይነጻጸርም? የአንድ ዓይነት ውፍረት ሽሮ፣ እኩል የተቆረጠ እንጀራ፣ አሥር ጉርሻ፤ የፈጀውን ጊዜ፣ የወደቀውን፣ ግራው ጣልቃ መግባቱን መዝግቡ። ምስር ከጠጠር መልቀምም እንዲሁ ይለካል። የታክሲ ረዳት ብሩን በቁመቱ አጥፎ በየጣቱ መሀል ሰክቶ፣ በዚያው እጁ ሳንቲም ሲመልስ አይታችሁ ከሆነ እዚህ ከተማ መለኪያ እንደማይጠፋ ትረዳላችሁ።

እኔ ዛሬ ማዕድ ስቀርብ መጀመሪያ የማየው የሰው ጣት ነው። ሙያው ይህን ዐይን ሰጥቶኛል፤ ሰውን ማክበርንም ከዚያው ተምሬያለሁ፤ አንድ ጉርሻ ስንት ነርቭና ጡንቻ ተስማምተው እንደሚያደርሱት ስለማውቅ።

ስለዚህ ወጣት ባልደረቦቼ፣ ሰሌዳውን አትጣሉ። መዝገቡ ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሩልኝ፦ «ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ በቀኝ እጁ በልቷል ወይ?»