የባሕር ጠለልና የዴልታ ሰፈራ፤ በአንድ የታወቀ ሐሳብ ላይ የቀረበ ሒስ

ታላላቅ ወንዞች ከባሕር በሚገናኙበት ስፍራ በደለል የተሠሩት ለጥ ያሉ ሜዳዎች፣ ይኸውም ዴልታዎች የሚባሉት፣ በአዲሱ የድንጋይ ዘመን የሰው መኖሪያ የሆኑት መቼና ስለ ምን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች መካከል አዘውትሮ የሚጠቀሰው የዳንኤል ስታንሊና የአንድሩ ዋርን መልስ ነው። እነዚህ ሁለት የጂኦሎጂ ሊቃውንት በ1993 ‹ኔቸር› በተባለው መጽሔት ስለ ናይል ዴልታ፣ በ1994 ደግሞ ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት ስለ ዓለም ዴልታዎች በጠቅላላው ጽፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳባቸው ክብደት ያለው ነው፤ ነገር ግን ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ተጭኖበታል ብዬ ስለማምን፣ ጥንካሬውንና ድካሙን ለይቶ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

አስቀድሞ ሐሳቡን ባለቤቶቹ እንደሚሉት አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ እጅግ ብዙ ውሃ በየብስ ላይ በበረዶ ግግር ታስሮ ስለ ነበረ፣ የባሕር ጠለል ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ወደ የብስ ገሠገሠ። ባሕር በየትውልዱ እየገፋ በሚመጣበት ዳርቻ፣ ወንዝ የሚያወርደው ደለል ተከማችቶ ሜዳ ለመሥራት ፋታ አያገኝም። ከዛሬ 8,500 እስከ 6,500 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ግን ባሕሩ ከፍ ማለቱን ባያቆምም ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ደለሉም ባሕሩን ቀደመው። በዚህ ምክንያት በልዩ ልዩ ክፍለ ዓለም የሚገኙ ዴልታዎች በተቀራረበ ዘመን መሠራት ጀመሩ። ጎርፍ በየጊዜው የሚያድሰው ለም አፈር ተዘረጋ፤ ገበሬውም ተከትሎ ገባ። የሐሳቡ አጭር መልክ ይህ ነው።

የሐሳቡ ዋና ብልጫ እርስ በርሳቸው በማይገናኙ ወንዞች አፍ ተመሳሳይ ነገር በአንድ ዘመን የደረሰበትን ምክንያት በአንድ ቃል መግለጹ ነው። ሁለተኛው ብልጫ ከግምት ያልተነሣ መሆኑ ነው፤ መሠረቱ በመሰርሰሪያ ከጥልቅ ወጥቶ ዕድሜው በራዲዮካርቦን የተለካ አፈር ነው። የታችኛው ግብፅ ምድር ወንዙ ያመጣው ነው ማለትን ከሄሮዶቱስ ጀምሮ እናውቃለን፤ ስታንሊና ዋርን ግን ወንዙ ሜዳውን ብቻውን እንዳልሠራ፣ የባሕሩም መዘግየት እንዳስፈለገ አሳዩ። ይህ ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካናል። ወደ ናይል ዴልታ ይወርድ የነበረው ደለል አብዛኛው በዐባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ አፈር ነውና። ይህ አፈር በወንዙ አፍ ረግቶ ሜዳ ሊሆን የቻለው ባሕሩ ርምጃውን ባዘገየ ጊዜ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከሊቃውንቱ ጋር ጠብ የለኝም። ትችቴ የሚጀምረው፣ መሬቱ መቼ ተዘጋጀ ከሚለው ጥያቄ ወጥተን፣ ሰው ስለ ምን ገባ ወደሚለው ስንሻገር ነው። ስንዴና ገብስ፣ በግና ፍየል በናይል ዳር የተላመዱ አይደሉም፤ ከምዕራብ እስያ የመጡ ናቸው። በግብፅም ከሚታወቁት የጥንት ገበሬዎች አንዳንዶቹ ከዴልታው ውጭ ነበሩ። ጌርትሩድ ካቶን ቶምፕሰን በ1920ዎቹ በፋዩም የቈፈረቻቸው፣ ውስጣቸው በገለባ ጉንጉን የተለበጠ የእህል ጕድጓዶች የተገኙት በሐይቅ ዳር ነው። ሄርማን ዩንከር በ1928 ያገኘው የመሪምደ በኒ ሰላማ መንደርም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 5,000 ዓመት ገደማ የተቈረቈረው፣ በዴልታው መካከል ሳይሆን በምዕራብ ጫፉ በበረሃው ዳር ላይ ነው። እንግዲህ እርሻ ግብፅን የያዘው በዴልታው ጥቁር አፈር ብቻ አልነበረም።

ከዚህም ሌላ የባሕሩ መዘግየት ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ አፍም ደርሷል። በዚያ አገር ግን የበቆሎ እርሻ የተስፋፋው ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት በናይል ገበሬን፣ በሚሲሲፒ ግን አዳኝንና ዓሣ አጥማጅን ካስከተለ፣ የልዩነቱን ምክንያት ከሰዎቹ ታሪክ መፈለግ ግድ ይሆናል። የባሕር ጠለል በር ይከፍታል፤ ማን እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚገባ ግን አይወስንም።

ሁለተኛው ትችት ከማስረጃው ጠባይ የሚነሣ ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ከፊተኛው ይከብዳል። በዴልታው ውስጥ የጥንት መንደር አለመገኘቱ ሰው ያለመኖሩ ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ ኖሯል። ነገር ግን በዴልታ ውስጥ ሜዳውን የሚሠራው ደለል መንደሩንም የሚቀብረው ነው። በናይል ዴልታ የጥንት ሰፈራ የሚገኘው በይበልጥ ዐረቦች ገዚራ፣ ማለት ደሴት፣ በሚሏቸው ከዴልታው በፊት በነበሩ የአሸዋ ጕብታዎች ላይ ነው። እነዚህ ጕብታዎች ከጎርፍ በላይ ስለ ሆኑ ሰው መርጧቸው ይሆናል፤ ደግሞም ከደለሉ በላይ ስለ ሆኑ ለተመራማሪው ዐይን ይታያሉ። ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሚበልጥ በገጸ ምድር አሰሳ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። በ1980ዎቹ በቡቶ የቈፈሩት ጀርመኖች የታችኛውን ንጣፍ ያገኙት ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ነው። በሳይስም የአዲሱ የድንጋይ ዘመን ሰዎች ቅሪት ከኋለኛው ከተማ ፍርስራሽ ሥር ወጥቷል። በቴል ኤል ሳማራ የዚያው ዘመን መንደር መገኘቱ የተነገረው በ2018 ነው። ካርል ቡትሰር የዴልታው ዝምታ ከአቀባበሩ የመጣ መሆኑን በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ አስጠንቅቆ ነበር።

የዚህ ማስጠንቀቂያ እውነተኛነት ከሁሉ ይልቅ የታየው ከግብፅ ርቆ በቻይና ነው። ከያንግዜ ዴልታ በስተ ደቡብ፣ በሃንግጆው ባሕረ ሰላጤ ማዶ ባለው የዩያኦ ሜዳ፣ በ1973 የሄሙዱ መንደር ተገኘ። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ቤቶችና ብዙ የሩዝ ቅሪት ያሉበት ይህ መንደር ዕድሜው 7,000 ዓመት ያህል ስለ ሆነ፣ ባሕሩ ረጋ፣ ሜዳው ተሠራ፣ ገበሬውም ገባ የሚለውን ቅደም ተከተል የሚያጸና መስሎ ነበር። በ2019 እና በ2020 ግን በዚያው አካባቢ ጂንግቶውሻን የተባለው ስፍራ ተቈፈረ። ከዛሬው መሬት በታች ከ5 እስከ 10 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት፣ ባሕር ባመጣው ጭቃ ተሸፍኖ፣ ከሄሙዱ በአንድ ሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም የሰው ሰፈር ተገኘበት። የቀንድ አውጣና የዛጎል ክምር፣ የእንጨት መሣሪያና መቅዘፊያ ወጣ። ባሕሩ ገና እየገሠገሠ በነበረበት ዘመን ሰዎች በዚያው በሚገሠግሠው ባሕር ዳር ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

የሐሳቡ ደጋፊ፣ እነዚህ የባሕር ዳር ሰዎች እንጂ የዴልታ ገበሬዎች አይደሉም ብሎ ሊመልስ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን መልሱ ራሱ ታሪኩን ይለውጠዋል። ሜዳው ሲሠራ የገቡት ከሩቅ ባዶ መሬት ፈልገው የመጡ ገበሬዎች ብቻ መሆናቸው ይቀርና፣ ከዳርቻው ጋር አብረው ሲሸሹና ሲመለሱ የኖሩ፣ ረግረጉንና ዓሣውን ቀድሞ የሚያውቁ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ባሕሩ ለሰፈራ መሬት ሰጪ ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ሰፈራ ደባቂም ነው።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። መሬቱ ለእርሻ የበቃው መቼ ነው? ሰው በዚያ መኖር የጀመረው መቼ ነው? ከኖሩት መካከል ለእኛ ሊታዩን የቻሉትስ የትኞቹ ናቸው? የስታንሊና የዋርን ሐሳብ ለፊተኛው ጥያቄ ያማረ መልስ ነው፤ ጉድለቱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም በዚያው ቀን መመለሱ ነው። ቤን ፔኒንግተንና ባልደረቦቹ በ2016 ያቀረቡት ጥናት በዚህ በኩል የተሻለ መንገድ ይዟል። ዴልታው መቼ ተሠራ ብሎ ከመቆም ይልቅ፣ ወንዞቹ በየዘመኑ እንዴት ይፈሱ እንደ ነበርና ረግረጉ ወደ ደረቅ ሜዳ ሲለወጥ የሰዎቹ አኗኗር ምን እንደ ሆነ ይመረምራል።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። የላይኛው ግብፅ መቃብሮች በደረቅ አሸዋ ተጠብቀው ስለ ቆዩ የግብፅ መንግሥት አጀማመር በይበልጥ በእነርሱ ሲጻፍ ኖሯል፤ የዴልታው ሰዎች ግን በጭቃ ስለ ተሸፈኑ እንዳልነበሩ ተቈጥረዋል። አሁን ደግሞ ጕብታዎቹ ለእርሻና ለቤት ሥራ እየተደለደሉ ናቸው። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ በላይ ስለሚቀር ባሕሩ በሮዜታና በዳሚዬታ በኩል ዳርቻውን በልቷል። ስለዚህ ከደለሉ ሥር ያለውን የመመርመሩ ሥራ ለሚመጣው ትውልድ የሚተው አይደለም።

ለተማሪዎቻችንም አንድ ምክር ይቀራል። የሕዝብን አኗኗር ከደጋነትና ከቆላነት ብቻ ማስረዳት በእኛም አገር የተለመደ ነው። መሬት ለሰው የሚያቀርበውንና ሰው ከቀረበለት የሚመርጠውን ለየብቻ የማይመዝን ጥናት፣ የመረጃ ጉድለትን የታሪክ ሕግ አድርጎ የማቅረብ አደጋ አለበት።