ሦስት ኪሎ ጤፍ፣ አንድ የቅርጫት ኳስ፣ አንድ ሕዋስ!

እናንተ ሰዎች፣ ይህን ሳልነግራችሁ ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም! ቤታችሁ ውስጥ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካለ ዛሬውኑ ጤፍ፣ ተምር፣ የቅርጫት ኳስና አንድ ትልቅ የፍሪጅ ካርቶን አዘጋጁ። ባዮሎጂን እንዲህ አድርገው አስተምረውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ ነበር ትላላችሁ። እኔ ብያለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜልበርን ውስጥ ልጆች ስለ ሕዋስ የሚማሩት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ነው፤ የሕዋስ ሞዴል ሠርቶ መምጣትም የተለመደ የቤት ሥራ ነው። ወቅቱ ሲደርስ እኛ ሰፈር፣ ፖይንት ኩክ፣ ኬኩ ይጋገራል፣ ጄሊው ይረጋል፣ ከረሜላው ይደረደራል። ሲያዩት ያምራል፣ ሲበሉትም ይጣፍጣል። የልጄ መምህርት ግን አንዲት መስፈርት ጨመሩበት፤ ሁሉም ነገር በአንድ ልኬት ይሠራ! ጉዱ የመጣው ከዚህች መስፈርት ነው።

እኛ አገር ቤት የተማርነውማ ማይቶኮንድሪያ ሲባል “የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ” ብለን ከእንቅልፋችን ቀስቅሰው ቢጠይቁን እንኳ አንስትም። ስያሜው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 ፊሊፕ ሲኬቪትዝ በጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዓለም ተማሪ ሁሉ ሲሸመድደው ኖሯል። እሺ፣ ግን ምን ያህላል? ስንት ነው? አጠገቡ ካለው ነገር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁሉም እኩል ነበር። ሞዴል ሠሪ ግን “ስንት ነው?” የሚለውን ሳይመልስ መቀስ እንኳ ማንሳት አይችልም።

ልጄ ከትንሹ ጀመረች። ራይቦዞም፣ ያ ፕሮቲን የሚገጣጥመው፣ ስፋቱ 25 ናኖሜትር ገደማ ነው። በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ 400 እጥፍ ብታጎሉትም አይታይም። ወጥ ቤት ገብታ አንዲት ፍሬ ጤፍ በጣቷ ጫፍ አንስታ መጣች። “አባዬ፣ ይቺ አንድ ሚሊሜትር ብትሆንስ?” አለችኝ። አንድ ሚሊሜትር ለ25 ናኖሜትር ሲካፈል 40,000 እጥፍ። በቃ፣ ልኬታችን ተገኘ! ቀሪው ሁሉ የማባዛት ጉዳይ ነው።

አሁን ተከተሉኝ። የተለመደ የእንስሳ ሕዋስ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን በ40,000 ሲባዛ 80 ሴንቲሜትር ይወጣዋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን ሁለት እጥፍ። ኒውክሊየሱ 6 ማይክሮሜትር ከሆነ 24 ሴንቲሜትር፤ ልክ የቅርጫት ኳስ! በካርቶኑ ላይ ቀዳዳ ቀደድንለትና ኳሱ እስከ ወገቡ ገብቶ ተቀመጠ። ማይቶኮንድሪያው አንድ ማይክሮሜትር ቢረዝም 4 ሴንቲሜትር፤ አንድ ፍሬ ተምር። የሕዋሱ ሽፋን ውፍረት ደግሞ 0.3 ሚሊሜትር፣ የደብተር ልባስ ያህል ብቻ! ውስጡን ከውጭው ዓለም የሚለየው ይህ ነው።

ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባለው፣ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስተሳስረው፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ጥለት ሆነልን። ልጄ ጥለቱን ደጋግማ አጠፈችው፣ በኳሱ ዙሪያ ጠቀለለችው፣ ሙጫ ቀባችው፣ ከዚያ ጤፉን ነሰነሰችበት። ጨርቁን ዳሰስኩት፤ ሻካራ! “ሻካራ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም” እያልኩ ስደግመው የኖርኩት ስም በጣቴ ገባኝ። የሚያሻክረው ላዩ ላይ የተለጠፈው ራይቦዞም ነው!

ቀጥሎ ጥያቄው መጣ፤ ጤፉ ስንት ይሁን? አንድ የሰው ሕዋስ እስከ 10 ሚሊዮን ራይቦዞም ሊኖረው ይችላል። 1,000 ፍሬ ጤፍ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። አስሉት፤ ሦስት ኪሎ! ለአንዲት ሕዋስ! ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣችው አያቷ ሒሳቡን ስትሰማ ጤፉን ከነመያዣው አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። “እንዴ የኔ ልጅ፣ በዚህማ ስንት እንጀራ ይወጣል!” አለች። በአንድ እፍኝ ተስማማን፤ የቀረው በጽሑፍ ተገለጸ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ኳሱ ውስጥ የሚገባው ክር ነው። በአንድ የተለመደ ሕዋሳችን ኒውክሊየስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ሜትር ይሆናል። በእኛ ልኬት 80 ኪሎ ሜትር! ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሞጆን የሚያልፍ፣ ውፍረቱ ከፀጉር የማይበልጥ ክር በአንድ የቅርጫት ኳስ ውስጥ! ደግሞም እንዳይተበተብ ሆኖ፣ ሲፈለግ እየተፈታ፣ ሲያበቃ እየተጠቀለለ። ያን ያህል ክር ለመግዛት የስፌት ዕቃ መደብሩን ሁሉ ብናራግፍም አይበቃንም።

ለዚህ ኒውክሊየስ ስሙን ያወጣለት ሰው በእኛው ሰፈር ባሕር ማለፉንስ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1802 “ኢንቬስቲጌተር” የተባለችው የማቲው ፍሊንደርስ መርከብ ፖርት ፊሊፕ ገባች፤ ፖይንት ኩክ የተቀመጠችበት የባሕር ወሽመጥ መሆኑ ነው። ዕፅዋት አጥኚ ሆኖ አብሮ የተሳፈረው ሮበርት ብራውን ነበር። በ1831 ለንደን ላይ የኦርኪድ አበቦችን ሕዋሳት ሲመረምር በየሕዋሱ ውስጥ አንዳንድ ክብ ነገር አየ፤ ኒውክሊየስ ያለው እሱ ነው። ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ ከባሕር ዳርቻው መናፈሻ አልወጣም ብላ አስቸግራኛለች።

ሞዴል አይንቀሳቀስም፤ እውነተኛው ሕዋስ ግን ለአፍታ አያርፍም። ማይቶኮንድሪያው ራሱ ሲጣበቅና ሲለያይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ካርቶኑን እንደጨረሳችሁ የድሩ ቤሪን አኒሜሽኖች ክፈቱ። ሰውየው እዚሁ ሜልበርን፣ ፓርክቪል በሚገኘው የዋልተርና ኤልዛ ሆል የሕክምና ምርምር ተቋም የሚሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የማክአርተር ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። ተዉኝ፣ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት!

ከዚያው አካባቢ የወጣ ሌላ ግኝት ደግሞ አለ፤ ይኼኛው በቀጥታ እኛን ይመለከታል። የወባ ተሕዋስ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳችን በእኛ ልኬት 30 ሴንቲሜትር ትሪ ቢሆን፣ ሊወርረው የሚመጣው ተሕዋስ 6 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ማክፋደንና ባልደረቦቹ በዚህ ተሕዋስ ውስጥ ከቅጠል አረንጓዴ ክፍል ጋር የሚዛመድ ኦርጋኔል (የሕዋስ ውስጠኛ ክፍል) እንዳለ አሳዩ! ወባ ከቅጠል ጋር ምን አገናኘው? ቅድመ አያቱ በጥንት ዘመን አልጌ ውጦ ኖሯል፤ የተዋጠው አልጌ ብርሃን መመገቡን ተወና ሌላ ሥራ ይዞ ቀረ። ተሕዋሱ ዛሬም ያለሱ መኖር አይችልም። ወደ ቆላ ለሚሄድ ሰው ሐኪም የሚያዘው ዶክሲሳይክሊን የሚመታውም እዚያ ኦርጋኔል ውስጥ ያሉትን የባክቴሪያ ዓይነት ራይቦዞሞች ነው። ጤፎቹን! አያቷ የወባን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቆላ የምታውቅ ሰው ናት፤ ይህን ስተረጉምላት ጤፉን ራሷ ይዛ መጣች። “እንግዲያስ ይቺንም ለጥፊባት” አለች።

መምህራን፣ ወላጆች፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የምታስተምሩ ሁሉ፤ ለልጆቹ መጀመሪያ ልኬት ስጧቸው! ከትንሹ ይጀምሩ፣ በእጅ ያለ ነገር ይምረጡ፣ ያባዙ፣ ከዚያ ይለጥፉ። ስሞቹ በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ፤ ልጄ አንዱንም ቁጭ ብላ አልሸመደደችም፣ ዛሬ ግን አሥር ጥያቄ ብትጠይቋት አሥራ አንድ ትመልሳለች።

እኛ ደግሞ ቀጣዩን አቅደናል፤ የሰው እንቁላል ሕዋስ። 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ በልኬታችን 4 ሜትር! ከ100 ሺህ በላይ ማይቶኮንድሪያ ይፈልጋል፣ ሁላችንም ደግሞ ማይቶኮንድሪያችንን የወረስነው ከእናታችን ነው። ሳሎናችን አይበቃም። ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ ያላችሁ የፖይንት ኩክ ሰዎች፣ መኪናችሁን ውጭ አቁሙትና ጥሩን፤ ተምሩን እኛ እንችላለን!