«እና/ወይም» በውል አጻጻፍ

በእንግሊዝኛ ውሎች «አንድ/ኦር» የሚባለውና ወደ አማርኛ ውሎችም «እና/ወይም» ሆኖ የገባው ሐረግ በመርከብ ጭነት ንግድ ውስጥ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1855 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት በታየው የከትበርትና የከሚንግ ክርክር፣ የመርከቡ ኪራይ ውል ስኳር፣ ሞላሰስ (ስኳር ሲጣራ የሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ) «እና/ወይም» ሌላ ሕጋዊ ምርት እንዲጫን ያዝዝ ስለነበር፣ መርከቡን በስኳርና በሞላሰስ ብቻ መጫን ይበቃል ወይስ ክፍተቱን በሌላ ምርት መሙላትም ግዴታ ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ የአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐረጉን አሻሚ ነው ሲል በጠንካራ ቃል ነቅፎታል።

ሐረጉ በራሱ ትርጉም አልባ አይደለም፤ «አንዱ፣ ሌላው ወይም ሁለቱም» ማለት ነው። ስለዚህ መብት በሚሰጥ አንቀጽ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ሲሆን፣ ችግሩ የሚብሰው ግዴታ በሚጥል አንቀጽ ውስጥ ነው። «ሻጩ የተበላሸውን ዕቃ ይጠግናል እና/ወይም ይቀይራል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ሻጩ ጠግኜ ብመልስ ይበቃል ሊል፣ ገዢውም በዚያው ዓረፍተ ነገር ተደግፎ አዲስ ዕቃ ሊጠይቅ ይችላል፤ ምርጫው የማን እንደሆነ ውሉ አልተናገረምና። «ሻጩ፣ ገዢው እንደመረጠ፣ ዕቃውን ይጠግናል ወይም ይቀይራል» ቢባል ግን በጥቂት ቃላት ጭማሪ ክርክሩ ከምንጩ ይደርቃል።

በአማርኛ ሌላም እንቅፋት አለ። እዝባር የሚባለው ዘንበል ያለ ሠረዝ በ«ት/ቤት» እና በ«ወ/ሮ» እንደሚታየው ቃል ማሳጠሪያ ሆኖ የኖረ ምልክት ሲሆን፣ «ና» ደግሞ እንደ «ሻጭና ገዢ» ባለው አነጋገር ከስሙ ጋር ተጣብቆ መነገር የሚወድ በመሆኑ፣ «እና/ወይም» ጮክ ተብሎ ሲነበብ አንደበት ያደናቅፋል፤ ውል ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ለተዋዋዮች መነበብ ያለበት ጽሑፍ ነው። በቅጣት ድንጋጌዎች የሚታየው «በእስራት ወይም በመቀጮ ወይም በሁለቱም» የሚለው አጻጻፍ ያንኑ ሐሳብ ያለ እዝባር በግልጽ ያስተላልፋል።

ሐረጉ ብዙ ጊዜ የሚገባው ተዋዋዮቹ ያልተስማሙበትን ነጥብ ለመሸፈን ስለሆነ፣ የውል አርቃቂ እጁ ወደ «እና/ወይም» ሲሄድ ቆም ብሎ አንዱ ብቻ ይበቃ እንደሆነ፣ ምርጫውም የማን እንደሆነ ተዋዋዮቹን ይጠይቅ፤ መልሳቸውንም ሳያሳጥር ይጻፍ።